ከጎተራ ካዛንቺስ፦ የአባዬ ቀኝ እግር

ቂርቆስ፣ ንጋት 11፡40

የባሌን ተራሮች በእግሬ፣ አፋርን በጭነት መኪና ያዳረስኩ ሴት ዛሬ የምጓዘው ከቂርቆስ ካዛንቺስ ነው። የጋዜጣችን አዘጋጅ ይህን ሲሰማ፣ ትራንስፖርት የምትጠይቂኝ ከሆነ የታክሲ ሂሳብ ከኪሴ እሰጥሻለሁ ብሎ ስቆብኛል። ይሳቅ። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነው ያደርኩት። እንዲህ የጓጓሁለት ጉዞ ትዝ አይለኝም።

የጉዞው ባለቤት አባቴ ነው። አባዬ፣ ሰፈሩ ጋሽ መኩሪያ የሚለው፣ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ጉልምስናውን በሙሉ ላዳ ታክሲ ነድቷል። ላዳዋን ከሸጣት ሦስት ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ በራችን ላይ ወንበር አውጥቶ የሚያልፍ የሚያገድመውን መኪና ያያል። ማየት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! አንዱ ሹፌር ወደ መታጠፊያው በፍጥነት ከመጣ፣ አባዬ በቀኝ እግሩ መሬቱን እርግጥ ያደርጋል። ፍሬን መያዙ ነው። ታክሲ ውስጥም ያው ነው፤ ጋቢና ከተቀመጠ ከሹፌሩ እኩል ሲረግጥ ይቆይና ሲወርድ እግሬን ደከመኝ ይላል። እማዬ መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር። አሁን መሳቁን ትታዋለች፤ ሰውዬው በቁሙ እያለቀብኝ ነው ትላለች።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ወሬ መጣ። ካዛንቺስ ውስጥ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ወይዘሮ አሰለፈች የሚባሉ ሴት ሹፌር ይፈልጋሉ። መኪናቸው ኤሌክትሪክ ናት። ያለፈው ሹፌራቸው ፍሬን በድንገት ረግጦ አንገታቸው ስለተቀጨ፣ አዲስ ሹፌር ከመቅጠራቸው በፊት አንድ ጠዋት አብረውት ይሄዳሉ። ስልክ ላይ አባዬን የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ኤሌክትሪክ መኪና ነድተው ያውቃሉ ወይ? አባዬ ዓይኑን ሳያሽ ነድቻለሁ አለ።

አልነዳም። በሩን እንኳ ከፍቶ አያውቅም።

ይኸው አሁን ፊቱን ታጥቦ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ሶሉ የሳሳውን ጫማውን እያሰረ ነው። እማዬ ያንን ጫማ ለመጣል ስንት ጊዜ ሞክራለች! እሱ ግን ወፍራም ሶል ፔዳሉን አያሰማም ይላል። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ድምፅ ይሰማል፤ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ወደዚያ ይሄዳሉ፤ እኛ ወደ ቄራ ወረድን።

ቄራ፣ 12፡15

በእግር እንሂድ ያለው አባዬ ነው፤ እግሬ ይሟሟቅ አለ። መንገዱ ዳር ሥጋ ቤቶች ብርሃናቸውን አብርተዋል። ከጭነት መኪና ላይ ሙሉ ታፋ በትከሻቸው ተሸክመው የሚያወርዱ ወጣቶች «መንገድ፣ መንገድ!» እያሉ ያልፉናል። ቢላ የሚሞርደው ሰውዬ ሥራ ጀምሯል። ሻይና ቦንቦሊኖ ቆመን በላን፤ አባዬ ቦንቦሊኖውን ግማሽ ላይ ተወው። ምግብ ሲተው ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ከሥጋ ቤቶቹ ጀርባ ሸምሱ የሚባል የድሮ ወዳጁ አለ። ሸምሱ የፍሬን ሸራ ይሠራል፤ ማለቴ ያለቀውን ሸራ ከብረቱ ላይ ነቅሎ አዲሱን ይለጥፋል። የላዳዋን ሸራ ዘመን ሙሉ የለወጠው እሱ ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም ነበርና ጠየቅኩት። እዩ፣ በጣም ያምራል! ፔዳሉን ስትረግጪ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ዘይት ትገፊያለሽ፣ ዘይቱ ሸራውን ይገፋል፣ ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ብረት ጨምቆ ይይዛል። በቃ። አንድ የሰው እግር፣ ትንሽ ዘይት፣ ያ ሁሉ ብረት ቆመ። በአፋር መንገድ ስንት ቁልቁለት ስወርድ ነፍሴ በዚያች ዘይት ላይ እንደነበረች አሁን ገና ገባኝ።

አባዬ ወሬውን አድበስብሶ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ማውራት ጀመረ። ሸምሱ ነቄ ነው፤ ለምን እንደጠየቀው ወዲያው ገብቶታል።

«እሷ መኪና እግርህን ከፔዳሉ ላይ ስታነሳ ራሷ ትይዝልሃለች» አለው። «ሞተሩ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ እየጎተተም ባትሪውን ይሞላል። ሸራ አትበላም። እኛንማ ከሥራ ልታስወጣን ነው።»

«ታዲያ ሹፌሩ ምን ይሠራል?» አለ አባዬ፣ የተሰደበ ያህል ፊቱ ተቀያይሮ።

ሸምሱ ሳቀና አላህ ይርዳህ ብሎ ሸኘን።

ጎተራ፣ 1፡00

ወይዘሮ አሰለፈች ከካዛንቺስ ማረፊያቸው ጀርባ የነበረው መኖሪያ ቤታቸው ሲፈርስ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። አንገታቸው ላይ የታሰረው መደገፊያ ደግሞ ይበልጥ ቀጥ አድርጓቸዋል፤ ሰው ሲያዩ መላ ሰውነታቸው ነው የሚዞረው። አባዬን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ቁልፉን ሰጡት። ልጄ ናት፣ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለች ብሎ አስተዋወቀኝ። እንግዲህ ደህና ጻፊ አሉኝ።

መኪናዋ ነጭ ናት፤ ሌሊቱን ግቢው ውስጥ ስትሞላ አድራለች። እሳቸው ቦርሳቸውን እስኪያመጡ እኛ ገባን። አባዬ ማስነሻውን ተጫነና ጆሮውን አቆመ። ምንም ድምፅ የለም። ደግሞ ተጫነው። አሁን አጠፋሃት አልኩት፤ መብራቱን አይቼ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስነሳት ድምፅ ሳይጠብቅ ማርሹን አስገባ። ማርሽ የምትባለው እንደ ሬዲዮ ድምፅ ማስተካከያ የምትሽከረከር ክብ ነገር ናት። መኪናዋ ሹልክ ብላ ተንቀሳቀሰች። አባዬ ሊያዞር ሲል ግራ እግሩ፣ ያ ዕድሜ ልኩን ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረ እግር፣ ፍሪሲዮኑን ፍለጋ ሄደ። ፍሪሲዮን የላትም። ያገኘው ፍሬኑን ነው፤ በሙሉ ጉልበቱ ረገጠው።

ማስታወሻ ደብተሬ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። እኔም ልከተለው ነበር። ቀበቶው ባይዘኝ ይህን የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ሁለታችንም ቀስ ብለን ወደ ደረጃው ዞርን። ወይዘሮ አሰለፈች ገና አልወረዱም። አባዬ ላብ በላብ ሆኗል። ጎንበስ ብሎ የግራ ጫማውን አወለቀና ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ባዶ እግሬ ምንጣፉን ሲነካ ሥራ እንደሌለው ያስታውሳል፣ ያዥልኝ አለኝ። ያዝኩለት። ከጎተራ የተነሳሁት የአባቴን ጫማ ታቅፌ ነው።

እንደገና ቄራ፣ 1፡35

ወይዘሮ አሰለፈች ከኋላ ተቀምጠዋል። ለማረፊያው ወጥ ሥጋ የሚገዙት ቄራ ከደንበኛቸው ስለሆነ በመጣንበት ተመለስን።

መጀመሪያ ላይ አባዬ እግሩን ከፔዳሉ ባነሳ ቁጥር መኪናዋ ገታ ትላለች፤ አንድ ሰው ከኋላ ኮቱን የያዘው ይመስላል። አንዴ፣ ሁለቴ። ከኋላ «እህ» የሚል ድምፅ ሰማን። ክፉ አልተናገሩም፤ «እህ» ብቻ። እሱ በቃን። አባዬ ትከሻውን አላላ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ከዚያም እግሩን ማንሳት ተወና ማሳሳት ጀመረ። ፔዳሉ ላይ ያለችውን ክብደት በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳታል። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ምንም አልተሰማኝም። አራተኛው ላይም። የሚገርም ነው! ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ዓይኔ እያየ አዲስ ነገር ተማረ። ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ከቄራው አጥር አለፍ ስንል አባዬ ያለ ምክንያት ፍጥነት ቀነሰ። መንገዱ ባዶ ነው። ምን ሆነ ብዬ ሳስብ ከቆመ ጭነት መኪና ጀርባ ትልቅ ቀይ በሬ ብቅ አለ፤ ከኋላው ገመዱን የያዘ ሰውዬ እየተጎተተ። በሬው ረጋ ብሎ ተሻገረ፤ እኛም ረጋ ብለን ቆምን። እንዴት አወቅህ ስለው፣ ከመኪናው ሥር አራት እግር ሲራመድ አየሁ አለኝ።

ካዛንቺስ፣ 2፡20

ሥጋውን ጭነን በመስቀል አደባባይ በኩል ሽቅብ ወጣን። አባዬ ካዛንቺስን ከተሳፋሪ ጋር ዘመን ሙሉ ተመላልሶባታል፤ ከፈረሰች ወዲህ ግን ሲነዳባት የመጀመሪያው ነው። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ ገና ጥላ ያልጣሉ ትንንሽ ዛፎች፣ አንድ ዓይነት መብራቶች። ማን ምን ይላል፣ ያምራል። አባዬ ግን መንገድ የሚያውቀው በቤቶቹ ነበር። እዚህ ጋ ጥብስ ቤት፣ ከሱ ቀጥሎ ፀጉር ቤት፣ ከፀጉር ቤቱ ወደ ቀኝ። ጥብስ ቤቱም ፀጉር ቤቱም የሉም። መታጠፊያችንን አለፈው።

«እኔም እያለፍኩት ነው የምኖረው» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች ከኋላ። «ሃምሳ ዓመት የኖርኩበት ሰፈር፣ አሁን ማረፊያዬን የማገኘው አዲሱን የመብራት ምሰሶ ቆጥሬ ነው። ይዙሩ፣ አይጨነቁ።»

ከጎተራ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ነገር ተናገሩ። እኔ በደስታ የአባዬን ጫማ ጨመቅኩት።

ማረፊያው ከዳር ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ሥጋውን ለማውረድ አባዬ መውረድ ስላለበት ጫማውን ሰጠሁት፤ እሳቸው ወደ ወጥ ቤት ሲገቡ ፈጥኖ አጠለቀው። አሁን ተፈተነ፣ አለቀ ብዬ ደብተሬን ዘጋሁ። ወይዘሮ አሰለፈች ተመልሰው መጡና እንደገና ከኋላ ገቡ።

«ሜዳውን አይቻለሁ» አሉ። «አሁን ወደ መስቀል አደባባይ ቁልቁል ይውሰዱኝ። ያለፈው ሹፌር አንገቴን የቀጨኝ እዚያ ነው።»

ቁልቁለቱ፣ 2፡50

ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ እሳቸው በዚህ መንገድ ሲወርዱ ሁሌም የሚወዱት አንድ ነገር እንዳለ አጫወቱን። መሪው ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ መኪናዋ ስንት ኪሎ ሜትር መሄድ እንደሚቀራት የሚያሳይ ቁጥር አለ። ቁልቁለት ሲሆን ባትሪው ስለሚሞላ ቁጥሩ ሲጨምር ያያሉ፤ ያን ማየት ደስ ይላቸዋል። ከኋላ ሆነው በሁለቱ ወንበሮች መሐል እያዩ ነው።

አሁን ስለ ፎሌ ልንገራችሁ። የላዳ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ቁልቁለት ሲመጣ ማርሹን ነጻ ያወጣና መኪናዋን እንዲሁ ያንደረድራታል፤ ቤንዚን ለመቆጠብ። አባዬ የከተማውን ቁልቁለቶች አንድ ባንድ በቃሉ ያውቃቸው ነበር፤ የትኛው ላይ በፎሌ ቢወርድ እስከየት እንደሚያደርሰው ይነግራችኋል። ሦስት ልጆች ያስተማረው በከፊል በፎሌ ነው።

እና ቁልቁለቱ ሲጀምር ቀኝ እጁ ወረደ። አየሁት። አስቦ አይደለም፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፤ እጁ ብቻ ራሱ ሄዶ ያችን ክብ ነገር ወደ ፎሌ አዞራት።

መኪናዋ ተለቀቀች። የሚይዛት የለም። ሸምሱ ያለው የሞተር መጎተት የለም፣ ድምፅ የለም፣ ነፋስ ብቻ። ልናገር ብል ለእሳቸው ማሳበቄ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ መኪናዋ እየፈጠነች ነው። ከታች የእግረኛ ማቋረጫው ላይ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ሲሻገሩ፣ አንዷ ደብተሯ ወድቆባት ልታነሳ ጎንበስ አለች። አባዬ እግሩን አነሳ፤ ሊያሳሳ መሆኑ ነው። ምንም አልያዘም። ያን ጊዜ ነው የገባው። ፊቱ ላይ አየሁት።

አልደነገጠም። ቀኝ እግሩ ተሻገረና ፍሬኑን ነካው። ነካው እንጂ አልረገጠውም። መጀመሪያ በጣም ለስለስ አርጎ፣ መኪናዋ እንደምትያዝ የሚነግራት ያህል፤ ከዚያ ጠበቅ፣ ጠበቅ፣ ጠበቅ። ፍጥነቱ ከሥራችን ሲቀልጥ ይሰማኛል። ማቋረጫው ጋ ስንደርስ፣ መኪናዋ ልትቆም ስትል፣ ማለቴ መኪኖች ሁሉ ሰግደው ወደ ኋላ የሚመልሱን ያች የመጨረሻዋ ቅጽበት ላይ፣ እግሩን ፀጉር በምታህል አላላት። አልሰገደችም። መቆማችንን ያወቅኩት የመንገዱ ዛፍ ቆሞ ስላየሁት ነው። ልጅቷ ደብተሯን አንስታ፣ አራግፋ፣ ወደ እኛ ሳታይ ሄደች።

ወይዘሮ አሰለፈች በወንበሮቹ መሐል ወደ ሰሌዳው አዩ።

«ዛሬ ቁጥሩ አልጨመረም» አሉ።

በቃ፣ አለቀልን አልኩ በሆዴ። አባዬ ማርሹን መለሰና ወደ አደባባዩ ገባ።

ሽቅብ፣ 3፡10

አደባባዩን ዞረን ወደ ካዛንቺስ ስንመለስ አባዬ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጀመረ። «እትዬ፣ የዋሸሁዎት ነገር አለ። ኤሌክትሪክ መኪና ነድቼ አላውቅም። ቁልቁለቱን በፎሌ ነው የወረድኩት፤ እጄ ለምዶበት ነው። ቁጥሩ ያልጨመረው በእኔ ጥፋት ነው። ሥራውን ስለፈለግኩት ዋሸሁ። ቤት መቀመጥ አቃተኝ።»

አባቴ አቃተኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ዞር ብዬ አየሁ። ወይዘሮ አሰለፈች መደገፊያው ላይ አገጫቸውን ጥለው፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ተኝተዋል አልኩት በሹክሹክታ። አላመነኝም። በመስታወቱ ደጋግሞ አየ። ከዚያ በኋላ የነዳውን አነዳድ በቃላት ልነግራችሁ አልችልም፤ ውኃ የሞላ ብርጭቆ ሲሸከም እንደዚያ የሚጠነቀቅ ሰው የለም። ከማረፊያው በር ስንደርስ ቆመ። ዘበኛው በሩን ሊከፍት ሲል አባዬ በእጁ ጠብቅ አለው። መኪናዋ ውስጥ ሦስታችን ተቀመጥን። ሩብ ሰዓት ያህል ይሆናል።

እሳቸው ነቁ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በሰው ፊት መተኛታቸው አሳፍሯቸው «ደረስን እንዴ?» አሉ።

«ደርሰናል እትዬ» አለ አባዬ። «ግን ከመውረድዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት።»

አባዬ! አልሰሙህም እኮ! በዓይኔ ለመንኩት፤ ላዩ ላይ አፈጠጥኩበት። ሙሉውን እንደገና ነገራቸው። ውሸቱን፣ ፎሌውን፣ ቁጥሩን፣ እጁን፤ የግራ ጫማውን ሳይቀር።

ወይዘሮ አሰለፈች መላ ሰውነታቸውን አዙረው አዩት።

«ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም» አሉት። «ሁሌ መያዣውን አንቄ ነው የምሄደው። ዛሬ መቼ እንደተኛሁ አላውቀውም።» ትንሽ አሰቡና ቀጠሉ። «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከኤርፖርት የምንቀበለው እንግዳ አለን። ማታ ጎተራ ይመልሱኝ፤ ጠዋት መኪናዋን ከዚያ ይውሰዷት። ፎሌውን ግን እባክዎን ይተዉልኝ፤ ቁጥሬን እፈልገዋለሁ።»

አባዬ እሺ አለ። ወርዶ በሩን ከፈተላቸው፤ ክንዳቸውን ይዞ ደረጃውን አስወጣቸው። ዘበኛው በሩን ከፈተና መኪናዋን ግቢ አስገባናት፤ እኔም ቦርሳዬን አንስቼ ወረድኩ። እማዬ ጋ ለመደወል ስልኬን ሳወጣ አባዬ ተመልሶ ሲገባ አየሁት።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ላቁማት።»

«ቆማለች እኮ፣ አባዬ።»

«በደንብ ላቁማት» አለና በሩን ዘጋ።

ግቢው ሰፊ ነው፤ አንድ መኪና ብቻ ነው ያለው። ወደ ፊት ሄደ፣ ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ቆመ። እንደገና ወጣ። እማዬ ስልኩን አንስታ ምን ሆነ፣ ምን ሆነ ትለኛለች፤ እኔ ጥጉ ላይ ቆሜ እያየሁት ነው። ሰባት ጊዜ አቆማት።